የማይደርሰው ታይፎን፦ በጃፓን የሩቅ ማዕበልን ተከትሎ ሞገድ መጋለብ

ታይፎን በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሞቃት ውኃ ላይ የሚፈጠር ብርቱ አውሎ ነፋስ ነው። የጃፓን ሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲ አንድን አውሎ ነፋስ ታይፎን ብሎ ቁጥር የሚሰጠው፣ በመሃሉ አካባቢ ያለው የነፋስ ፍጥነት በአሥር ደቂቃ አማካይ ሲለካ በሰከንድ 17.2 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ነው። በዓመት በአማካይ 25 ያህል ይፈጠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ 12 ያህሉ ወደ ጃፓን ይጠጋሉ፤ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች የሚረግጡት ግን ሦስት ገደማ ብቻ ናቸው። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና የባቡር ድርጅቱ የሚጨነቁት ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው። የሰርፈሩ ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚመኘው ሳይደርሱ የሚያልፉትን ነው።

ሰርፊንግ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ወደ ዳርቻ የሚገሰግስን ሞገድ መጋለብ ነው። በጃፓን አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሰሌዳቸውን ይዘው ከቶኪዮ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው የሾናን ዳርቻና ከከተማዋ ምሥራቅ ወዳለው ቺባ ይወርዱ ነበር። የአካባቢው ወጣቶች አይተው ቀኑ፤ ሰሌዳ እየተዋሱ፣ ሲቸግራቸውም ራሳቸው እየሠሩ ገቡበት። የጃፓን ሰርፊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ስፖርቱ የባሕር ዳር ከተሞች መተዳደሪያ እስከ መሆን ቢደርስም አንድ ችግር ሳይፈታ ቆይቷል፤ ብዙ ሰው ወደ ባሕር በሚወርድበት ሞቃት ወቅት በፓስፊኩ ዳርቻ ጥሩ ሞገድ እምብዛም የለም። በጁላይና በኦገስት ሰፊ ከፍተኛ የአየር ግፊት ውቅያኖሱን ተጭኖት ይቀመጣል። ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይለዝባል፣ ባሕሩ ለሳምንታት ተኝቶ ይውላል። ይህን ዝምታ የሚሰብረው ታይፎን ነው።

ሞገድን የሚፈጥረው ነፋስ ሲሆን መጠኑን የሚወስኑት የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፈሰበት የጊዜ ርዝመትና ሳይቋረጥ የነፈሰበት የውኃ ስፋት ናቸው። ታይፎን ሦስቱንም ያሟላል። ሆኖም በማዕከሉ አቅራቢያ ያለው ባሕር ለሰርፊንግ አይሆንም። ትልቁና ትንሹ፣ ረጅሙና አጭሩ ሞገድ በአንድ ላይ ይተራመሳል፤ ነፋሱም የሞገዱን ራስ ቆርጦ አረፋ ያደርገዋል። ይህን ትርምስ የሚያስተካክለው ርቀት ነው።

ጥልቅ ውኃ ላይ ሞገዶች እኩል አይጓዙም። በአንድ ሞገድና በተከታዩ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጉዞውም ይፈጥናል። በአሥር ሰከንድ ልዩነት የሚከታተሉ ሞገዶች ጉልበታቸውን ይዘው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ 14 ሰከንድ ሲሆን 39 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰከንድ ሲሆን ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት አብረው የተነሡ ሞገዶች፣ በረጅም ሩጫ ላይ እንዳሉ ሯጮች፣ መንገድ ላይ ይለያያሉ። ባለ 18 ሰከንዶቹ በ30 ሰዓት ውስጥ ዳርቻ ሲደርሱ ባለ አሥር ሰከንዶቹ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አጫጭሮቹና የተዘበራረቁት በመንገድ ላይ ይደክማሉ፤ የሚደርሱት ረጃጅሞቹ፣ መስመር የያዙትና የለሰለሱት ናቸው። እንዲህ ካስነሣቸው ነፋስ ርቀው የሚመጡትን ሞገዶች እዚህ ላይ ተጓዥ ሞገድ ብለን እንጠራቸዋለን።

ተጓዥ ሞገድ ገና ሩቅ ሳለ ለዓይን ብዙም አይታይም። ባለ 14 ሰከንዱ ከራስ እስከ ራስ 300 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ቢሆን እንኳ ከመርከብ ላይ የሚያየው ሰው ባሕሩ ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ሲል ብቻ ይመለከታል። የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱ ግን ያድጋል፤ ውኃው ከሞገዱ ቁመት ብዙም በማይበልጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ራሱ ከግርጌው ቀድሞ ይደፋል። ከሩቅ የመጣ ሞገድ ከአካባቢው ነፋስ ሞገድ በቁመት እኩል ሆኖ እንኳ ጉልበቱ ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ሰርፊንግ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ይህን ያውቁ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ድንገት የሚመጣውን ከባድ ሞገድ ዶዮናሚ እያሉ ይጠሩታል፤ ሩቅ ደቡብ ያለ ማዕበል መልእክተኛ መሆኑንም ተረድተው ጀልባቸውን ወደ ላይ ይጎትቱ ነበር።

ሰርፈሩ ከሁሉ በፊት የሚያጠናው የታይፎኑን መንገድ ነው። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ ምሥራቅ ካለው ባሕር ተነሥተው በመጀመሪያ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ያዘግማሉ። የፓስፊኩ ከፍተኛ ግፊት ግንብ ሆኖ ወደ ሰሜን እንዳይዞሩ ያግዳቸዋል። የግንቡ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ፤ ከዚያም በከፍታ የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ ሲይዛቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈተለካሉ። በመጀመሪያው ጉዞ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ፍጥነት ይኖራቸዋል፤ ከታጠፉ በኋላ ግን 50ና 60 ኪሎ ሜትር መድረስ የተለመደ ነው።

ይህ የፍጥነት ልዩነት ለሰርፈሩ ሁሉን ነገር ይወስናል ማለት ይቻላል። ታይፎኑ ከሞገዱ የዘገየ እንደሆነ ሞገዱ ቀድሞ ይወጣል፤ ዳርቻው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ለሦስትና ለአራት ቀን ያለማቋረጥ ይደርሳል። የፈጠነ እንደሆነ ደግሞ ሞገዱ ማምለጫ አያገኝም፤ ነፋሱ፣ ዝናቡና ባሕሩ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ለሰርፊንግ የሚሆነው ጊዜም ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሆናል። በመካከል ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ታይፎኑ የሚጓዝበት ፍጥነት ከሞገዱ ጋር ሲቀራረብ፣ ነፋሱ አንዱን ሞገድ አብሮ እየሄደ ለረጅም ጊዜ ይገፋዋል፤ ያልተጠበቀ ግዙፍ ሞገድ የሚፈጠረው አንዳንዴ እንዲህ ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ አውሎ ነፋስ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ከጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ባለው ነፋስ ላይ የጉዞው ፍጥነት ይጨመርበታል፣ በስተግራ ካለው ላይ ደግሞ ይቀነሳል። መርከበኞች የቀኙን ወገን አደገኛው ግማሽ ይሉታል። ወደ ሰሜን በሚጓዝ ታይፎን የቀኙ ወገን ምሥራቁ ነው፤ እዚያ ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል፤ ከፊቱም ያለችው ጃፓን ናት።

አንድ ታይፎን ለሁሉም ዳርቻ እኩል አያዳርስም። ኦኪናዋ አካባቢ ያለ ታይፎን በመጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው በኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችውን ሚያዛኪንና የሺኮኩን ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ከቶኪዮ በስተደቡብ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙት የኦጋሳዋራ ደሴቶች አካባቢ የሚያዘግም ታይፎን ደግሞ ለቺባ፣ ለሾናንና ለሺዙኦካ ምርጥ የሚባለው ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አልፎ ወደ ውቅያኖሱ መሃል የሚሸሸውም ቢሆን ባዶ እጁን አይሄድም። ከኋላው በግራ ወገኑ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ላዞሩት ለቺባ፣ ለኢባራኪና ለፉኩሺማ ዳርቻዎች ሞገድ ይመልሳል። በፉኩሺማ የሚገኘው የኪታይዙሚ ዳርቻ ከእ.ኤ.አ. 2011ዱ ሱናሚና የኒውክሌር አደጋ በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዋናተኞች ዳግም ከተከፈተ ወዲህ፣ የዚያ አካባቢ ሰርፈሮች የምሥራቁን ሞገድ በናፍቆት የሚጠብቁ ሆነዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ዝናው የገነነው ግን በካማኩራ ከተማ ያለው ኢናሙራጋሳኪ ነው። ካማኩራ በሳጋሚ ባሕር ሰላጤ ላይ ያለች ጥንታዊ የጦር መሪዎች መቀመጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1333 ኒታ ዮሺሳዳ የሚባል የጦር አለቃ ከተማዋን ከብቦ ሳለ በዚህ ርእሰ ምድር ላይ ቆሞ ሰይፉን ወደ ባሕሩ ወርውሮ ጸለየ፣ ባሕሩም ሸሽቶ ለሠራዊቱ መንገድ ሰጠ ተብሎ ይተረካል። ሰርፈሮች የሚለምኑት ግን እንዲሸሽ አይደለም። ቦታው በአብዛኛው የዓመቱ ቀን ጸጥ ያለ ነው፤ ሞገድ የሚሰብረው ቋጥኝ ጠለቅ ብሎ ስለሚገኝ ትንሹ ሞገድ ሳይነካው ያልፋል። ሰላጤው ከሺህ ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ከደቡብ በትክክል የተነጣጠረ ትልቅ ሞገድ ጉልበቱ ሳይቀንስ እስከ ቋጥኙ ይደርሳል። ችግሩ መነጣጠሩ ላይ ነው፤ በስተምዕራብ የኢዙ ልሳነ ምድር፣ በስተምሥራቅ የቦሶ ልሳነ ምድር ይከልሉታል፤ መሃል ላይ ደግሞ የኢዙ ኦሺማ ደሴት ተገትራለች። ታይፎኑ ጥቂት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካለ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

በዚህ ቦታ በግብዣ ብቻ የሚገባበት ኢናሙራ ክላሲክ የሚባል ውድድር አለ። ቀን አይቆረጥለትም። የታይፎን ወቅት ሲመጣ አዘጋጆቹ ይጠብቃሉ፤ ሞገዱ ከተፈለገው መጠን ካልደረሰ ዓመቱ ያለ ውድድር ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ ዳግም የተካሄደው በሴፕቴምበር 2013 ነበር፤ መሃል ላይ 24 ዓመት አለ። በ1989 የተጋበዘ ወጣት በ2013 ጎልማሳ ሆኗል ማለት ነው። የመጠበቁ ነገር በሲኒማም ገብቷል። ዘፋኙ ኬይሱኬ ኩዋታ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ኢናሙራ ጄን የተባለ ፊልም ታሪኩን በ1965 ላይ አድርጎ፣ በታይፎን ይመጣል የተባለን አንድ ትልቅ ሞገድ የሚጠባበቁ ወጣቶችን ያሳያል።

ሞገዱ ደረሰ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። በአካባቢው ያለው ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ከሆነ የሞገዱን ጀርባ ገፍቶ ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘው ሥርዓት በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ይበላሻል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ግን የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል፤ ሲደፋም ውስጡ ሰው የሚያሳልፍ ዋሻ ይሠራል። ሰርፈሮች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን ዋሻ ነው። ታይፎን ካለፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ይህም ለፓስፊኩ ዳርቻ ከየብስ የሚመጣ ነፋስ ነው። ሰማዩ ታጥቦ የጠራበት፣ ባሕሩ ግን ገና ያልተኛበት ያ ግማሽ ቀን የወቅቱ ከፍተኛ ሰዓት ይባላል። ቺባ ላይ ነፋሱ ከተበላሸ ቦሶን ዞሮ ወደ ደቡቡ ዳርቻ መሄድ ይቻላል፤ እዚያም ካልሆነ ከርእሰ ምድር ጀርባ የተጠለለ ወሽመጥ ይፈለጋል። ልምድ ያለው ሰርፈር የአካባቢውን ካርታ በቃሉ የሚያውቀው ለዚህ ነው።

ሌላው የባሕሩ ወለል ነው። በኩጁኩሪ ዳርቻ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚዘረጋው የቺባ አሸዋ ላይ፣ ሞገዱ መካከለኛ ሲሆን የሚጋለብበት ቦታ ብዙ ነው፤ በጣም ሲተልቅ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ስለሚደፋ መውጫ መንገድ ይጠፋል። ትልቁን ሞገድ የሚሸከሙት የወንዝ አፎች ናቸው። በሺኮኩ ደሴት ቶኩሺማ ውስጥ ያለው የካይፉ ወንዝ አፍ በታይፎን ሞገድ ጊዜ በጃፓን ከሚገኙት ምርጥ የሞገድ ዋሻዎች አንዱን ይሠራል። በዚያው ደሴት ኮቺ ውስጥ የሺማንቶና የኒዮዶ ወንዞች አፍም እንዲሁ ስማቸው የተጠራ ነው፤ ኒዮዶ በተለይ በግዙፍነቱ ይፈራል። እነዚህ ወንዞች ከተራራ አሸዋና ጠጠር ተሸክመው አፋቸው ላይ ያከማቻሉ፤ ሞገዱ በዚህ ክምር ጠርዝ ላይ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በሥርዓት ይደፋል። ታይፎኑ ራሱ የሚያወርደው ዝናብ ክምሩን ያድሳል ወይም ጠርጎ ይወስደዋል። በመሆኑም ባለፈው ዓመት የተመሰገነ ቦታ ዘንድሮ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጎርፉ ከጭቃ ጋር ግንድና ቆሻሻም ስለሚያወርድ፣ ሞገዱ ያማረበት ቀን ሁሉ የሚገባበት ቀን አይደለም።

የጃፓን ዳርቻ ሌላ መለያ ቴትራፖድ የሚባለው ባለ አራት እግር የኮንክሪት ብሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በፈረንሳይ የተፈለሰፈ ሲሆን በጃፓን ዳርቻውን ከመሸርሸር ለመከላከል በብዛት ተከምሯል። ሰርፈሮች ብዙ ሞገድ እንዳጠፋባቸው ያማርራሉ፤ ምሬታቸውም እውነት አለው። ነገር ግን ወደ ባሕር የወጡት አንዳንድ የድንጋይ ግድቦች አሸዋ ይዘው ጥሩ ሞገድ የሠሩበት ቦታም አለ፤ ከኩጁኩሪ ደቡባዊ ጫፍ ያለው የጹሪጋሳኪ ዳርቻ ከእነዚህ አንዱ ነው። የብሎኮቹ ዋነኛ አደጋ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ውኃው በዚያ ሲገባና ሲወጣ ሰውን ከነሰሌዳው ስቦ ያጣብቃል፤ ከዚያ በራስ ጉልበት መውጣት እጅግ ከባድ ነው።

ድሮ የአየር ጠባይ ወሬ የሚገኘው ከራዲዮ ነበር። የብሔራዊው ብሮድካስት ድርጅት ኤንኤችኬ በየቀኑ የየጣቢያውን የአየር ግፊትና ነፋስ በቁጥር ያነብብ ነበር፤ ተራራ ወጪዎችና መርከበኞች እየሰሙ በእጃቸው ካርታ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ሁሉም በስልክ ይታያል። ሂማዋሪ የተባለችው ሳተላይት የምትመለከተውን የዓለም ክፍል በየአሥር ደቂቃው፣ የጃፓንን ዙሪያ ደግሞ በየ2.5 ደቂቃው ፎቶ ታነሣለች። የሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲው የታይፎኑን ማዕከል እስከ አምስት ቀን ድረስ በክብ ምልክት ይተነብያል፤ የክቡ ትርጉም ማዕከሉ በዚያ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 70 በመቶ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ክቡ በሰፋ ቁጥር ታይፎኑ የበረታ ይመስለዋል፤ የሰፋው ግን እርግጠኝነቱ ስለሳሳ ነው። ከዚህ ሌላ ናውፋስ የሚባለው የወደቦች የሞገድ መለኪያ መረብ አለ። በየዳርቻው ያለውን የሞገድ ቁመትና በሞገዶች መካከል ያለውን ጊዜ ያወጣል። ሰርፈሩ ከራሱ ዳርቻ ይልቅ በስተደቡብ ያለውን መለኪያ ይከታተላል፤ እዚያ የልዩነቱ ጊዜ ከሰባት ሰከንድ ወደ 13 እና 14 ዘሎ ሲያይ ሞገዱ መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃል።

መለኪያዎቹ የሚያወጡት ቁመት ከሞገዶቹ መካከል የትልቁ ሲሶ አማካይ ነው። ሦስት ሜትር ተብሎ ሲነበብ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ሞገድ አልፎ አልፎ ይመጣል ማለት ነው። ከሩቅ የመጣ ሞገድ ደግሞ በቡድን በቡድን ይደርሳል፤ በቡድኖቹ መካከል ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ሊል ይችላል። በዚያ ጸጥታ ዳር ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ትንሽ ነው ብሎ ይገባል፤ ያልጠበቀው ቡድን መሃል መንገድ ላይ ይደርስበታል። አዋቂዎቹ ሳይገቡ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው የሚመለከቱት በፍርሃት አይደለም።

ሞገዱን መከተል የሚባለው ነገር ታዲያ አብዛኛው መንገድ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። በቶኪዮ የሚኖር የቢሮ ሠራተኛ ካርታውን ሲያጠና ሰንብቶ፣ ሐሙስ ማታ ከሥራ ሲወጣ ይወስናል፤ ሰሌዳውን ጭኖ ሌሊት ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የቶኪዮ ባሕር ሰላጤ መሻገሪያ መንገድ፣ ከፊሉ ከባሕር በታች ዋሻ፣ ከፊሉ ድልድይ ሆኖ ካዋሳኪን ከቺባ ጋር ስላገናኘ ጉዞውን አሳጥሮለታል። ታይፎኑ ከቀረበ ግን ድልድዩ በነፋስ ምክንያት ይዘጋል። የኒጂማ ደሴት ነገር ከዚህ ይብሳል። ከቶኪዮ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ይህች ደሴት ሀቡሺ በተባለው ነጭ አሸዋዋና በብርቱ ሞገዷ የታወቀች ናት፤ ሰርፈሩን የሚጠራው ባሕር መርከቡንም ያስቀራል። እዚያ መጋለብ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ገብቶ መጠበቅ፣ ሲበቃውም መርከብ እስኪንቀሳቀስ መቆየት ግድ ይለዋል። ወደ ሺኮኩ የሚሄደውም ከኦሳካና ከኮቤ በድልድይ ተሻግሮ ረጅም ሰዓት ይነዳል፤ ሲደርስም ወንዙ ጎርፎ ሊያገኘው ይችላል።

ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሥርዓት አለ። አንድ ሞገድ ለአንድ ሰው ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ሞገዱ መደፋት ከሚጀምርበት ቦታ ለቀረበው ነው። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ደንብ ነው። በጃፓን ግን በተለይ በወንዝ አፎች ላይ የመንደሩ ሰዎች መብት ከፍ ብሎ ይጠበቃል። እንግዳ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ፣ ለዓሣ አጥማጆች መተላለፊያ ሳይተው፣ መኪናውን በሰው እርሻ ዳር አቁሞ ከገባ ከውኃው እንዲወጣ ሊነገረው ይችላል። ነዋሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ ዳርቻውን የሚያጸዱና የተቸገረውን ቀድመው የሚያወጡ በመሆናቸው ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ያም ሆኖ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጥበቃው አልፎ ወደ ማባረር መድረሱ አይካድም።

ታይፎንና ሰርፊንግ በዓለም ፊት አብረው የታዩት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። ስፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የገባበት ይህ ውድድር በጹሪጋሳኪ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2021 ተጀመረ። በዚያ ወር ባሕሩ ጠፍጣፋ ይሆናል የሚለው ስጋት ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይነሣ ነበር፤ አዘጋጆቹም ለዚህ ሲሉ ትርፍ ቀናት አስቀምጠው ነበር። ስጋቱን ያስወገደው ኔፓርታክ የተባለው የዓመቱ ቁጥር 8 ታይፎን ነው። ደካማ የሚባል አውሎ ነፋስ ቢሆንም ከዳርቻው ፊት ለፊት ስላለፈ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሞገድ ላከ። ፍጻሜው በአንድ ቀን ተስቦ ጁላይ 27 ተካሄደ። ነፋሱ ባሕሩን አተራምሶት ነበር፤ ያማረ ሞገድ ነበር ለማለት ያስቸግራል። በወንዶች ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬይራ በፍጻሜው የመጀመሪያ ሞገድ ላይ ሰሌዳው ለሁለት ቢሰበርበትም ሌላ ይዞ ተመልሶ አሸነፈ። የጃፓኑ ካኖዋ ኢጋራሺ ሁለተኛ፣ አውስትራሊያዊው ኦወን ራይት ሦስተኛ ሆኑ። በሴቶች አሜሪካዊቷ ካሪሳ ሙር ወርቅ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ቢያንካ ባውተንዳክ ብር፣ የጃፓኗ አሙሮ ጹዙኪ ነሐስ ወሰዱ። ፌሬይራ ለጃፓን ዳርቻ እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሚያዛኪ በተካሄደው የዓለም ሰርፊንግ ውድድር ፓስፖርቱ ተሰርቆበት ዘግይቶ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ዳርቻው ደርሶ፣ በጂንስ ቁምጣና በተዋሰው ሰሌዳ ገብቶ ዙሩን ካለፈ በኋላ ውድድሩን አሸንፎ ነበር። ኔፓርታክ ከፍጻሜው ማግስት ጠዋት ሚያጊ አውራጃ ላይ የብስ ረገጠ፤ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ በዚያ አውራጃ በቀጥታ የገባ የመጀመሪያው ታይፎን ነበር።

በቀጥታ የሚመጣው ታይፎን ግን የሰርፈር ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1959 የኢሴ ሰላጤን የመታው ታይፎን ከ5,000 በላይ ሰው ገድሏል ወይም ደብዛውን አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ፋክሳይ የተባለው ታይፎን ቺባን መትቶ ከ900,000 በላይ ቤቶችን መብራት አሳጣ፤ ከአንድ ወር በኋላ በኢዙ ልሳነ ምድር የገባው ሀጊቢስ ሀኮኔ ላይ በአንድ ቀን 922.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ አወረደ፤ ብዙ ወንዞች ግድባቸውን ጥሰው ወጡ። የሰርፊንግ መንደሮች የሚባሉት ኢቺኖሚያና ካሞጋዋ በሚገኙበት ቺባ፣ ሞገድ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ጣሪያቸውን በሸራ ሲሸፍኑ ሰነበቱ።

ትልቅ ሞገድ በሚኖርበት ቀን ሰው የሚሞተው ግን በሞገዱ ተመትቶ ብቻ አይደለም። ዳርቻው ላይ የተከማቸው ውኃ መውጫ ፈልጎ በጠባብ መስመር ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ይህ ጅረት ዋናተኛን ከሚዋኝበት በላይ በሆነ ፍጥነት ይጎትታል። የእግር ገመድ ሲበጠስ ሰርፈሩ ሰሌዳውን፣ ማለትም ተንሳፋፊውን ያጣል። የጃፓን ባሕር ጠባቂ በ118 ይጠራል፤ ነገር ግን ሄሊኮፕተርና ጀልባ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎችም በዚያው ነፋስ ውስጥ መውጣት አለባቸው። ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ዳርቻው ከተዘጋ በኋላ መግባት ድፍረት ተብሎ ሊመሰገን አይገባም፤ አደጋውን ለሌላ ሰው ማሸከም ነው። ታዋቂዎቹ የትልቅ ሞገድ ጋላቢዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው ወደ ቤታቸው የሚነዱባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ጀማሪ ደግሞ በታይፎን ሞገድ ቀን ቦታው ዳር ላይ ነው።

ወቅቱ በኦክቶበር መሳሳት ይጀምራል። ከፍተኛው ግፊት ወደ ምሥራቅ ያፈገፍጋል፤ ታይፎኖቹም ከጃፓን ራቅ ብለው ወደ ውቅያኖሱ ይታጠፋሉ። ውኃው በኩሮሺዮ ሞቃት ጅረት ምክንያት ገና አልቀዘቀዘም፤ የሰሜን ነፋስ መንፈስ ስለሚጀምር የሞገዱ ፊት ይለሰልሳል፤ ዋናተኛውና ጎብኚውም ሄዷል። ብዙ ነባር ሰርፈሮች ከኦገስት ይልቅ ይህን ጊዜ ይመርጣሉ፤ ምርጫቸውም ትክክል ነው። ከኖቬምበር በኋላ ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ በስተምዕራብ ያለውን የጃፓን ባሕር ያናውጣል፤ ሞገድ ፈላጊውም በበረዶ መካከል ወደዚያ ፊቱን ያዞራል። የታይፎኖቹ ቁጥር በዲሴምበር መጨረሻ ይዘጋል፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ የሚፈጠረው የመጀመሪያው ታይፎን በየትኛውም ወር ቢመጣ ቁጥር 1 ይባላል።